የከብት ሌዘር ወይስ የበግ ሌዘር? ለደብረ ብርሃን ብርድ

ደብረ ብርሃን ላይ የሌዘር ጃኬት የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት ንፋሱ ደሞ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። ምርጫው እንግዲህ ሰልባጅ ተራ የሚገኘው ወፍራም የከብት ቆዳ ወይ አገር ውስጥ የሚሰፋው ስስ የበግ ቆዳ ነው።

ሞተር የምትነዳ ከሆነ ሳላቅማማ ከብት ነው የምልህ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስትወጣ ጉሙና ንፋሱ ሲመጣብህ የሚይዝልህ እሱ ነው፣ ብትወድቅ እንኳን አስፋልቱ ጃኬቱን ይፍቀዋል እንጂ ገላህ ጋ ቶሎ አይደርስም፣ በግ ግን ወዲያው ነው የሚተረተረው። ያ ሰያፍ ዚፕ ያለው ስታይል በፈረንጆቹ 1928 ኒውዮርክ ውስጥ ኧርቪንግ ሾት የሰራው ፐርፌክቶ ነው (ስሙን ከሚወደው ሲጋር ነው ያወጣለት)፣ ደረት ላይ ቆዳው ስለሚደረብ ንፋስ በዚፑ አይሾልክም።

ክፋቱ ይከብዳል፣ አዲስ ሲሆን ክርንህን ማጠፍ ራሱ ስራ ነው፣ ለዛ ነው ሰልባጁን የምመርጠው፣ ፈረንጁ አለስልሶልሃል ሃሃ። ብቻ ስትገዛ ብብቱ ጋ ስፌቱን እይ፣ ዚፑንም ሳብ ሳብ አድርገው፣ ላዩ እንደ ላስቲክ እየተላጠ ከሆነ ሌዘር አይደለም ተወው።

በጉ ለእግረኛ ነው። የኛ በግ ቆዳ ለስስነቱ ጠንካራ ስለሆነ ውጭ አገር ለጓንት ይፈለጋል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትከሻህ ላይ ልክክ ይላል፣ ለሰርግም ያምራል። ማታ ማታ ግን ከስር ሹራብ ግድ ነው።

ሁለቱም ዝናብ ከመታቸው ጥላ ስር ስቀላቸው፣ ምድጃ ጋ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ፌስታል ውስጥ ከጠቀለልከው ደሞ ይሻግታል።