ለጀልባ ሠራተኞች ጉርሻ፦ በእጅ ወይስ ከሒሳብ ጋር?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር እንግዳ ጉርሻውን በሁለት መንገድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ለነጂውና ለረዳቱ ለየብቻ በእጅ ማስጨበጥ ሲሆን ሁለተኛው በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች እንደተለመደው የሁሉንም ድርሻ ከሒሳቡ ጋር በአንድነት መክፈል ነው። በመርከብ ላይ ሁለተኛው ተገቢ ነው፤ ወጥ ቤት የሚውለውንና አንሶላ የሚያጥበውን ሠራተኛ ተሳፋሪው ከቶ አያየውምና። በጣና ግን ከዓይን የሚሰወር ሠራተኛ የለም፦ ገመዱን የሚፈታው፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን የሚያለብሰው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውኃውን ሲያናውጠው አረጋውያንን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም መውረጃ የሚያሻግረው ያው ረዳት ነው። ለባለ ጀልባው የተሰጠ ገንዘብ ለረዳቱ መድረሱን ማን ያረጋግጣል? በመሆኑም በእጅ መስጠቱን እመርጣለሁ። ተሳፋሪው ብዙ ከሆነ ግን አንድ ሰው አሰባስቦ የነጂውንና የረዳቱን ድርሻ ለይቶ ቢሰጥ ይሻላል፤ አለዚያ ሁሉም ነጂውን አመስግኖ ረዳቱን ይረሳዋል። የገዳሙ መግቢያ ክፍያ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚገባ በመሆኑ ከጉርሻ ጋር አይቆጠርም። ጊዜውም ቢሆን ጀልባዋ ባሕር ዳር ከተመለሰች በኋላ ቢሆን ይመረጣል።