ለጥቁር አንበሳው ፓቶሎጂስት፣ ከእናቴና ከመላው ቤተሰብ

ይህን የምጽፈው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፓቶሎጂ ክፍል (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት)፣ በመርፌ ናሙና በሚወሰድበት ቦታ ለሚሠራ አንድ ሐኪም ነው። ስሙን ሳላስፈቅድ አደባባይ አላወጣም። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ግን ይቺን ያንብብ።

እናቴ ጎጃም ደጋ ላይ ነው ያደገችው። በሷ ልጅነት አዮዲን ያለው ጨው ብሎ ነገር አልነበረም፣ እንቅርትም በአገሩ ብርቅ አይደለም፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ኖራለች። በቅርቡ ግን በአንድ በኩል ለብቻው ጠጠር ያለ እብጠት ወጣባት። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ አልትራሳውንዱን አይቶ "ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ቶሎ ሙሉ በሙሉ ይውጣ" ብሎ ሸኘን። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን፤ ቤት ውስጥ እህል የሚቀምስ ጠፋ።

ጥቁር አንበሳ ስንሄድ ግን ይሄ ሐኪም ገና ከመጀመሪያው አረጋጋን። "እማማ አይፍሩ፣ መርፌዋ ደም ከሚቀዱበት ትቀጥናለች፣ ብቻ እስካወጣት ምራቅ እንዳይውጡ" አላት። የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ ሲያሰራጭ እንኳ ምን እያደረገ እንደሆነ ይነግራት ነበር።

ውጤቱ "ቤተስዳ 4" ይላል። ይሄ ከ1 እስከ 6 የሚሄድ መለኪያ ነው፤ 2 ካንሰር አይደለም ማለት ነው፣ 6 ካንሰር ነው፣ 4 ደግሞ መርፌው ሊለየው ያልቻለ። ለምን አልቻለም? ወረቀቱን ገልብጦ በእስክሪብቶ ክብ ሣለልን። ፎሊኩላር አዴኖማ የሚባለው ደህናው እብጠትና ፎሊኩላር ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሴሎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ዳር ላይ ነው። እብጠቱ የራሱን ሽፋን ጥሶ ከወጣ ወይም የደም ሥር ውስጥ ከገባ ካንሰር ነው፣ ካልሆነ አይደለም። መርፌ ደግሞ ሴል ይቀዳል እንጂ ሽፋኑን አያይም። ስለዚህ ያ ጎን ብቻ ወጥቶ ሽፋኑ ዙሪያውን መመርመር አለበት። ሙሉ ዕጢውን ማውጣት ያኔ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው!

እናቴ "ታዲያ ልጄ፣ ደህናው ሲቆይ ወደ ክፉው ይለወጣል?" ብላ ጠየቀችው። እኔም ልጠይቀው የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። አልሸፋፈነላትም። ታይሮይድ ላይ ከሚወጡ እብጠቶች ከ100 ወደ 90 የሚሆኑት ወይም ከዚያ በላይ ካንሰር አይደሉም፣ አብዛኞቹም እንደዚያው ይኖራሉ አላት። ግን እነዚህ ሁለቱ ዝምድና አላቸው፤ ራስ (RAS) በሚባሉት ጂኖች ላይ የሚከሰተው ለውጥ በአዴኖማውም በካንሰሩም ይገኛል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ካንሰር ከአዴኖማ ተነስቶ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። የጂን ለውጡ ብቻውን ግን ካንሰር ነው አያሰኝም። በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቢራፍ የሚባለው ጂን ይቀየራል። እኔን በጣም የገረመኝ ደግሞ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ባለሙያዎች ሽፋኑን ያልጣሰ አንድ የፓፒላሪ ዓይነት ላይ "ካንሰር" የሚለውን ስም ማንሳታቸው ነው። ስንቱ ሰው በዚያ ስም ተጨንቆ ይሆን።

እናቴ ግማሹ ብቻ ወጣላት። ሽፋኑ አልተጣሰም፤ አዴኖማ ነው። ድምጿም ደህና ነው፣ የቀረው ግማሽ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የሆርሞን መጠኗን እየተከታተልን ነው። ሐኪሙን "ወልደህ ሳም፣ ክፉ አይንካህ" ብላ መርቃዋለች፣ እኔም አሜን እላለሁ።

እዚያ የምትሄዱ ሰዎች የአልትራሳውንዱንና የቲ ኤስ ኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤታችሁን ያዙ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ውጤት ስትቀበሉ የቤተስዳ ቁጥሩን ጠይቁ፤ 3 ወይም 4 ከሆነ ደግሞ ሙሉ ዕጢው ይውጣ ከመባሉ በፊት ለምን ግማሹ እንደማይበቃ ሐኪሙ ያስረዳችሁ።