ማሪዮ ለምን ይሮጣል? ጌም ስቲኩን ስምንት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

«ጌሙ ይፈጥናል።» የድሮውን ጌም ፍለጋ ጌም ስቲክ (ቲቪ ላይ የሚሰካ፣ የድሮ ጌሞች የተጫኑበት ትንሽ ማሽን) የገዙ ሰዎች፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳም ይሁን ማራኪ፣ አዘዞም ይሁን ቅዳሜ ገበያ፣ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው ይሄ ነው። ማሪዮ ይሮጣል፣ ሙዚቃው ይጣደፋል፣ ድሮ ሳይታሰብ የሚዘለለው ጉድጓድ አሁን ሰው ይበላል። ዕቃውን ይዘው ወደ ሱቁ ሲመለሱ መልሱ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፤ አንተ ረስተኸው ነው።»

እኔም ስቲኩን ልመልሰው ጥቂት ነበር የቀረኝ። አለመመለሴ ትክክል ነበር። ሻጩ ግን ልክ አይደለም፤ ገዢው ምንም አልረሳም። ስቲኩ በእርግጥ ልጅነታችን ከሚያውቀው ይፈጥናል፣ ልዩነቱም በሰዓት ይለካል።

እንዲህ ሞክሩት። ሱፐር ማሪዮን ክፈቱና 1-1 ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ደረጃ መነሻ፣ ጆይስቲኩን አስቀምጡት። ማሪዮ ካልተነቃነቀ ጠላት አይመጣበትም። ከላይ በቀኝ ያለው ታይም 400 ብሎ ይጀምራል። ከ400 ወደ 300 እስኪወርድ በስልካችሁ ስቶፕዎች ያዙ። 40 ሰከንድ ከሆነ ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል እየሄደ ነው፤ 48 ሰከንድ ከሆነ ደግሞ 50። ያ ቁጥር ሰከንድ የሚቆጥር ይመስላል እንጂ አንዱ ቁጥር የሚቀነሰው በየ24ቱ ምስል ነው። 400ውን ሙሉ ብንወስድ በአንደኛው 160 ሰከንድ፣ በሌላው 192 ሰከንድ ይሆናል። በአንድ ዙር 32 ሰከንድ ልዩነት ማለት ነው። እጅ የለመደው ዝላይ ጉድጓድ ውስጥ ቢከት አይገርምም።

ምክንያቱ የቲቪ ሥርዓት ነው። ኔንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የጌም ማሽን እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ፣ ሱፐር ማሪዮም በ1985 ሲከተል፣ የተሠሩት ለጃፓን ቲቪ ነው፤ እሱ ኤንቲኤስሲ ነው፣ በሰከንድ 60 ይስላል። የእኛ አገር ቲቪ ግን ፓል ነበር፣ 50። ቤታችን የገባው ማሽንም የኔንቴንዶ ሳይሆን ኮፒው ነው፦ ቢጫ ካሴት ከላይ የሚገባበት፣ በአንቴናው መሰኪያ ቻናል እየተፈለገ የሚሠራ፣ አንዳንዱም ሽጉጥ ያለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለፓል ቲቪ የተሠሩ ነበሩ። ኔንቴንዶ ራሱ ሱፐር ማሪዮን ወደ አውሮፓ ሲልክ ፍጥነቱን ለ50 አስተካክሎ ነው የላከው። በቢጫ ካሴት የተገለበጠው በብዛት ያልተስተካከለው ነው። ለ60 የተጻፈ ጌም 50 በሚስል ማሽን ሲገባ አንድ ስድስተኛውን ፍጥነት ያጣል። ልጅነታችን ያን ቀርፋፋውን ነው የለመደው።

የድሮው ማሽን አሁንም ከቁም ሳጥን ላይ ያለው ሰው ገልብጦ ብሎኖቹን ይፍታና ይይ። በአረንጓዴው ቦርድ መሐል እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጠብ ብሎ የደረቀ ጥቁር ነገር አለ፤ ማሽኑ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከእሱ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ትንንሽ ዕቃዎችን አልፋችሁ፣ ጎንና ጎኑ ክብ የሆነ የብርማ ቆርቆሮ ታያላችሁ፤ በሁለት እግር የቆመ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተቀረጸበት። ክሪስታል ይባላል፤ የማሽኑን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። አቧራውን በጣት ጠርጋችሁ አንብቡት። 26.601 የሚል ከሆነ ማሽኑ የፓል ነው፣ 21.477 የሚል ከሆነ የኤንቲኤስሲ። የቴሌቪዥን ጠጋኝ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይኑ ይነግራችኋል።

ከዚህ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል፣ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝም እሱ ነው። የጃፓኑ ማሽን 21.477ን ለ12 ያካፍልና 1.79 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል። የአውሮፓው ኔንቴንዶ 26.601ን ለ16 አካፍሎ 1.66 ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሙዚቃው ከመዘግየቱ ሌላ ድምፁም 7 በመቶ ያህል ይወፍራል፣ ከግማሽ ድምፅ በላይ ማለት ነው። የፓል ኮፒዎቹ ግን ያንኑ 26.601 ለ15 ነው የሚያካፍሉት፣ 1.77 ይሆናል። ከጃፓኑ የሚለየው በአንድ መቶኛ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ እኛ የሰማነው ሙዚቃ የድምፁ ከፍታ የጃፓኑ፣ አካሄዱ ግን የዘገየ ነው። ይሄ ለየት ያለ ጥምረት ነው፣ ሲመልሱትም ልክ በዚሁ መልክ መመለስ አለበት።

ይመለሳል ወይ? ስቲኩ ከፈቀደ ይመለሳል። አብዛኛው ስቲክ ከላይ የራሱ የሥዕል ሜኑ አለው፤ ሥሩ ሬትሮአርክ የሚባለው የጌም ማጫወቻ ፕሮግራም የሆነ ግን ብዙ ነው። ጌሙ ውስጥ ሆናችሁ ሴሌክትን ይዛችሁ ሌሎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞክሩ፤ የእኔው ሴሌክትና ኤክስ አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፍታል። «ኮር ኦፕሽንስ» የሚለውን ግቡ። ኮሩ (ጌሙን የሚያስኬደው የፕሮግራሙ ክፍል) ኤፍሲኢዩኤምኤም ከሆነ «ሪጅን» የሚል አለ፣ «አውቶ» ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ምርጫዎቹ ኤንቲኤስሲ፣ ፓል እና ዴንዲ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ የእኛ ቲቪ ፓል ነበር ብሎ ፓልን ይመርጣል፣ ሙዚቃው ወፍሮ እንደታመመ ሰው ድምፅ ይወጣል፣ «ይሄም አይደለም» ብሎ ይተወዋል። የሚመረጠው ዴንዲ ነው። ዴንዲ በ1990ዎቹ ሩሲያ ውስጥ የተሸጠ ኮፒ ማሽን ስም ነው፣ አሠራሩ እኛ ቤት ከነበሩት የፓል ኮፒዎች ጋር አንድ ነው። መርጣችሁ ጌሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱት።

እዚያው ሜኑ ውስጥ ወረድ ስትሉ «ስዋፕ ዲዩቲ ሳይክልስ» የሚል አለ። አብሩት። በብዙዎቹ ኮፒ ቺፖች ውስጥ ሁለት የድምፅ ቅርጾች ቦታቸው ተቀያይሮ ነበር የተሠሩት፦ ወፍራም መሆን የነበረበት ቀጭን፣ ቀጭኑም ወፍራም። ስህተት ነው፣ ግን የሰማነው ስህተቱን ነው። ስታበሩት የማሪዮ ዝላይ ድምፅ ይቀጥናል፣ ከአፍንጫ እንደሚወጣ ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዴ ዝለሉ፤ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ጆሮ ወዲያው ይለያል። የእናንተ ማሽን ትክክለኛው የነበረው ከሆነ መልሳችሁ አጥፉት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ችግር አለ፣ ካልተስተካከለ ሁሉንም ያበላሻል። ጌሙ 50 ሲሆን ስቲኩ አሁንም ለቲቪው 60 እየላከ ነው። 50 ምስል በ60 ቦታ ሲደረደር በየአምስቱ አንዱ ሁለቴ ይታያል፤ ማሪዮ ሲሄድ ቱቦዎቹና ደመናዎቹ ገጨት ገጨት እያሉ ይጓዛሉ። ሰዎች ይሄን አይተው ስቲኩ አቅም አነሰው ይላሉ፤ አቅም አይደለም። ወደ ስቲኩ ዋና ሴቲንግ ውጡና ቪዲዮ ሞድ የሚለውን ከ60 ኸርዝ ወደ 50 ኸርዝ ቀይሩ፤ 720ፒ 50 ለዚህ ጌም ከበቂ በላይ ነው። የቲቪውን ሪሞት ኢንፎ ስትጫኑ 50 የሚል ከላይ ብቅ ማለት አለበት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ያ ቲቪ 50ን በዚያ መጠን አይቀበልም፤ ጥቂት ጠብቁ፣ ካልተመለሰ ስቲኩን ሌላ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ ሌላ መጠን ምረጡ። የእኛ ገበያ ቲቪዎች በብዛት 50 ይቀበላሉ፣ ችግሩ የሚያጋጥመው ለኮምፒውተር በተሠሩ ሞኒተሮች ላይ ነው። ሥዕሉንም እዚያው እያላችሁ 4 በ3 አድርጉት፤ ማሪዮ ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍሮ መታየቱ ግዴታ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ይሄን ሁሉ ለአርኬድ ጌሞች አታድርጉ። የ1980ው ፓክማን፣ የ1981ዱ ጋላጋና ዶንኪ ኮንግ ከራሳቸው ስክሪን ጋር በሳጥን የተሸጡ ናቸው፣ የየትኛውም አገር ቤት ቲቪ አያገባቸውም፤ ፍጥነታቸው ወደ 60 ነው፣ እዚያው ይቅሩ። ሴቲንጉን ስታስቀምጡም ለፋሚኮም ፎልደር ብቻ አስቀምጡት፦ «ማኔጅ ኮር ኦፕሽንስ» ውስጥ ለፎልደሩ ሴቭ የሚል ምርጫ አለ። ዛሬ በስቲኩ የጀመሩ ልጆች ደግሞ 60ውን ነው የሚወዱት፣ 50ው ላይ ይሰለቻሉ። እነሱም ልክ ናቸው። ለእነሱ አንድ ጌም ለይቶ በራሱ ሴቭ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ሻጩ። «10 ሺህ ጌም አለው» ይላል። ለፋሚኮም ጃፓን ውስጥ በይፋ የወጣው በጠቅላላ ሺህ ገደማ ነው። ዝርዝሩን ውረዱበት፦ አንዱ ኮንትራ በሦስት ስም፣ አንዱ ታንክ (የናምኮው የ1985 ባትል ሲቲ ነው) በአራት ስም ታገኙታላችሁ። ዳክዬ የሚተኮስበትም ተቆጥሯል፣ ሽጉጥ ግን የለም፤ የድሮው ሽጉጥ ቢገኝም ፍላት ቲቪ ላይ አይሠራም፣ የሚያነበው የድሮውን ቲቪ አሳሳል ነው። «ፎር ኬ ነው» ይላል። የፋሚኮም ሥዕል 256 በ240 ነጥብ ነው፣ ፎር ኬ ላይ ቢወጣ የሚጨመርለት ነገር የለም። ከእሱ የምትፈልጉት አንድ መልስ ብቻ ነው፦ «ሬትሮአርክ ይከፍታል ወይ?» ካላወቀ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። ካልከፈተ አትግዙት፣ 60 ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

ቀሪው ደህና ነው። ጆይስቲኮቹ በሁለት በሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይሠራሉ፣ ጥምቀት ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ኮንትራን ለሁለት አስጫውተው አላሳፈሩኝም። ቲቪው ላይ ጌም ሞድ ካለ አብሩት፣ ቁልፍ ተጭኖ እስኪዘል ያለው መዘግየት በግልጽ ይቀንሳል።

ሚሞሪው ላይ ግን እምነት አትጣሉ። አብሮ የሚመጣው ርካሽ ነው፣ መብራት ደግሞ ሴቭ እያደረገ ሳለ ይሄዳል፤ የእኔው አምስተኛው ወር ላይ አርማው ላይ ቆሞ ቀረ። ስቲኩን ከቲቪው ዩኤስቢ ሳይሆን ከስልክ ቻርጀር አብሩት፣ የቲቪው ዩኤስቢ ብዙ ጊዜ ግማሽ አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው። በገዛችሁ ቀን ደግሞ ሚሞሪውን አውጥታችሁ በካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ሰኩ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በፍጹም እሺ አትበሉ፣ ዲስኩ ሊኑክስ ስለሆነ አላነበበውም እንጂ ባዶ ሆኖ አይደለም። በዊን32 ዲስክ ኢሜጀር «ሪድ» አድርጋችሁ ሙሉውን ወደ አንድ ፋይል ቅዱት፤ ሚሞሪው ባለ 64 ጊጋ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ 60 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ፋይሉን በታወቀ ስም በተሠራ በ128 ጊጋ ሚሞሪ ላይ «ራይት» አድርጉ። ሌላ 64 ጊጋ አትግዙ፤ ሁለት ባለ 64 ሚሞሪዎች በጥቂት ሜጋባይት ስለሚለያዩ አዲሱ ካነሰ መጨረሻው ላይ አልገባም ይላል።

ቅጂውን የወሰዳችሁት ሴቲንጉን ከማስተካከላችሁ በፊት ከሆነ አዲሱ ሚሞሪ ወደ አውቶ ይመልሳችኋል። ስለዚህ ከጻፋችሁ በኋላ ማሪዮን 1-1 ላይ አቁማችሁ ስቶፕዎቹን እንደገና ያዙ። 300 ላይ ሲደርስ 48 ሰከንድ ካላላችሁ፣ ዴንዲው አልተያዘም።