የልጃችንን መኝታ ክፍል ከሻጋታ ላጸዱልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ቤታችንን ከሻጋታ ላጸዱልንና ሻጋታው ከየት እንደመጣ ፈልገው ላገኙልን የቤት እድሳት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰው ደግሞ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰባት ዓመቷ ልጃችን ሳል ነበር። ሌሊት ሌሊት ያስላታል፤ ጠዋት አፍንጫዋ ታፍኖ፣ ዓይኗን እያሳከካት ትነቃለች፤ አንዳንድ ቀን ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሟ አስም መሆኑን ነግረውን መድኃኒት አዘዙላት፤ መድኃኒቱም ረድቷታል። ሆኖም አያቷ ዘንድ ስታድር ሳሉ እንደሚቀልላት፣ ቤት በተመለሰች ማግስት ደግሞ እንደሚያገረሽባት ደጋግመን እያየን ነገሩን ከቤቱ ጋር አላያያዝነውም። ባለቤቴም ሆነ እኔ በዚያው ቤት እየኖርን ምንም ስላልተሰማን ቤቱን መጠርጠር አልመጣልንም። በክፍሏ ጣሪያ ጥግ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሲወጡ ቀለም ቀቢ ጠርተን ሁለት ጊዜ አስቀባን፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀለሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተላላጠና ነጠብጣቦቹ ከሥሩ ብቅ አሉ።

እኚህ ባለሙያ በሩን አልፈው እንደገቡ ቆም አሉና «እህቴ፣ ይህ ሽታ ሁልጊዜ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እርጥብ ጨርቅ ታጥፎ ሲከርም የሚያመጣውን ዓይነት ሽታ ነበር፤ እኛ ግን ለምደነው አይሸተንም። ቀጥለው በውጭ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመውን የልጃችንን ቁም ሳጥን እንድንስበው ጠየቁ። ከጀርባው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ግራጫና አረንጓዴ ጸጉር መሰል ነገር አብቅሏል። የቁም ሳጥኑ የጀርባ ኮምፔንሳቶ በጣት ሲነካ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ውስጡ የተሰቀለው ካፖርቷ እጅጌ ላይ አቧራ የሚመስሉ ነጫጭ ክቦች ነበሩ፤ ያንን ካፖርት ስንት ቀን እንዳለበስኳት ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ውሃን መፈለግ ነበር። ሁለት መርፌ ባለው የእርጥበት መለኪያ ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር እየወጉ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ በኩል ሄዱ፤ በመጨረሻም ከልስኑ ውስጥ የሚያንጠባጥብ የቧንቧ መጋጠሚያ አገኙ። የጣሪያው ጥግ ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎትና በክፍል ውስጥ የምናሰጣው ልብስ የሚያወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ጥግ ሲነካ ወደ ውሃ ጠብታነት ይለወጥ ነበር። የክፍሉ የአየር እርጥበት በዚያ ጠዋት 78 በመቶ ነበር፤ ከ60 በመቶ በታች መሆን እንዳለበት፣ ቢቻል ደግሞ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን እንደሚመረጥ አስረዱኝ። ሌላ ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት አይቼ ስደነግጥ ጠብታ ውሃ አፈሰሱበትና ሟሟ። «ይህ ከግድግዳው የወጣ ጨው ነው፤ ሻጋታ በውሃ አይሟሟም። ጨውም ቢሆን ግን ውሃ በዚህ እንዳለፈ ይመሰክራል» አሉኝ።

ጥቁር ሻጋታ ከሌላው ይልቅ መርዛማ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ናሙና ላቦራቶሪ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ገንዘቤን እንዳላባክን መከሩኝ፤ ቀለሙ የሻጋታውን ዓይነትም ሆነ አደገኛነቱን እንደማይናገር፣ በዓይን የሚታይ ሻጋታ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን መወገድ እንዳለበት ነገሩኝ። ስለ ልጄ ስጠይቃቸው ደግሞ «እኔ የግድግዳ ሰው ነኝ፤ ያገኘሁትን ለሐኪሟ ይንገሩ» አሉ። ነገርኳቸው። ሐኪሟም ሻጋታ ወደ አየር የሚበትነው በዓይን የማይታይ ብናኝ አለርጂና አስም ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን እንደሚያስነሳ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው ደግሞ የሳንባ ኢንፌክሽን ሊይዘው እንደሚችል አስረዱኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያም እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ሰፍሯል። አንዱን የቤተሰብ አባል አሞ ሌላውን አለመንካቱ እንግዲህ ለማዘናጋት የሚበቃ ምክንያት አይደለም።

ጽዳቱን የጀመሩት ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ሻጋታ ቢሆን ኖሮ ኤን-95 ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር አድርገን በሳሙናና በውሃ ራሳችን ልናጸዳው እንችል ነበር፤ የኛ ከዚያ ስለበለጠ ልጃችንን አያቷ ዘንድ አስቀምጠን የክፍሉን በር በፕላስቲክ ዘጉት። ሻጋታውን በደረቁ መጥረግ ብናኙን በቤቱ ሁሉ እንደሚበትን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለወራት በደረቅ መጥረጊያ ስጠርገው ኖሬያለሁ። በረኪና መርጨቴንም አልወደዱትም። ልስንና እንጨትን ወደ መሳሰሉ ውሃ መጣጭ ነገሮች ጠልቆ አይገባም፤ የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ስለሚያስነሳ ከቦታው መነሳት አለበት። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ እንዳልቀላቅል፣ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣም አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። የሻገተው የጂፕሰም ጣሪያ ተቆርጦ ወጣ፤ ፍራሹና ቁም ሳጥኑም ተጣሉ።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ግድግዳው ሲታይ ደረቅ ስለነበር ልጃችን ቶሎ እንድትመለስ ብለን ቀለሙን እንዲቀቡልን ወተወትናቸው። እርሳቸው ግን ሦስት ጊዜ መጥተው ለክተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ውስጡ ገና ነው ብለው ተመለሱ። ለእነዚያ ምልልሶች ምንም አላስከፈሉንም፤ የቀቡት በአራተኛው ነው። ወደፊት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንድናደርቀው፣ ዕቃ ከውጭ ግድግዳ ጋር እንዳናጣብቅ አደራ ብለውን ሄዱ።

ልጃችን መድኃኒቷን በሐኪሟ ክትትል ቀጥላለች፤ ሌሊት ግን ሳታስል የምታድርባቸው ቀናት በዝተዋል። ባለሙያው የተዉልንን ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጠዋት ጠዋት የምታነብልን እርሷ ናት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ስልካቸውን ለሰው እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ቤታችሁ ውሃ የፈሰሰበት ወይም ጣሪያው ያፈሰሰበት ጊዜ ካለ አስታውሳችሁ ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።