ይር የአየር ትንበያ መተግበሪያ በሰሜኑ ጫፍ ሲመዘን

ይር የኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋም ከአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ከኤንአርኮ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚያቀርበው የአየር ትንበያ አገልግሎት ነው። ክፍያ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ አይደረድርም፣ ትንበያውንም ማንኛውም ባለሙያ ወስዶ እንዲሠራበት ክፍት አድርጎታል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 70 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘውና እኔም በምኖርባት በትሮምሶ፣ ዓሣ አስጋሪውም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሰው ወላጅም ጠዋት ከቤት ሳይወጣ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። በእኔ ግምት ለቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ልንተማመንበት የሚገባ አገልግሎት ነው፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት የሚሰጠው ትንበያ ጥራት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ሳተላይቶች ከዚህ አካባቢ ሰማይ በሚሰበስቡት መረጃ ነው።

ከአገልግሎቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው የየሰዓቱን ሰንጠረዥ ነው። ዝናቡን ወይም በረዶውን በአንድ ቁጥር ብቻ አይገልጸውም፤ «0–1.4 ሚሊ ሜትር» ብሎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ነፋሱን «9 (17)» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር አማካዩን ፍጥነት በሜትር በሴኮንድ ያሳያል፤ በቅንፍ የተቀመጠው ድንገት እየበረታ የሚመታው ነፋስ ነው። አዲስ መጥተው ስለ ክረምቱ ለሚጠይቁኝ ወገኖቼ አስቀድሜ የምነግራቸው ቅንፉን እንዲያነቡ ነው፤ ድልድይ ላይ ሰው የሚያንገዳግደውና ከፍ ያለ መኪና ከመንገድ የሚገፋው እሱ ነውና።

ከዚህ ሰንጠረዥ በስተጀርባ ያለው ሥራ እጅግ ከባድ ነው። አሮሜ አርክቲክ የሚባለው የተቋሙ ሞዴል (የአየሩን ሁኔታ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሥርዓት) እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የስቫልባርድን ደሴቶችና የባረንትስን ባሕር በ2.5 ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፋፈለ ያሰላል። ሆኖም ስሌቱ ሲጀመር ከባቢ አየሩ ምን እንደሚመስል በትክክል ካልታወቀ የሞዴሉ ረቂቅነት ብዙ አይረዳም፤ ከኖርዌይ ጠረፍ እስከ ግግር በረዶው ባለው ሰፊ ባሕር ላይ ደግሞ ሰዎች ያሉባቸው የመለኪያ ጣቢያዎች እንደ ቢዮርኖያ፣ ሆፐንና ያን ማየን ባሉ ጥቂት ደሴቶች ላይ ብቻ ናቸው። ቀሪውን ክፍተት የሚሞላው ሳተላይት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው፣ ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩት ሳተላይቶች ኢትዮጵያን የመሰለ አገር ከላይ ሆነው ያለማቋረጥ ይመለከታሉ፤ የእኛን ሰማይ ግን በጣም አግድም ስለሚያዩት ምስሉ ይዛባል፣ ዋልታውም ጨርሶ አይታያቸውም። ስለዚህ የሰሜኑ ትንበያ የተመሠረተው ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚዞሩት ዝቅተኛ ሳተላይቶች ላይ ነው፤ እነሱም አንድ ዙር ለመጨረስ 100 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅባቸውና ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ፣ በአንዱና በሌላው ማለፊያ መካከል ሰዓታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ።

በዚያ ላይ ፀሐይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ በዚህ ወቅት በብርሃን የሚሠራ ካሜራ ብዙ አይጠቅምም። ሙቀት ለኪው የኢንፍራሬድ መሣሪያም ቀዝቃዛ ደመናን ከቀዝቃዛ በረዶ ለመለየት ይቸገራል። በጨለማም ሆነ በደመና ውስጥ አልፎ የሙቀትንና የእርጥበትን ልክ የሚያሳየው ማይክሮዌቭ የሚባለውን ጨረር የሚለካው መሣሪያ ነው፤ ለእሱም ቢሆን በረዶና የባሕር ግግር ራሳቸው የሚያመነጩት ጨረር እንደየዓይነታቸው ስለሚለያይ ከመሬት አጠገብ ያለውን አየር ነጥሎ መለካት ፈተና ሆኖበት ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 2024 ከካሊፎርኒያ የመጠቀው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የአርክቲክ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ትልቅ ተስፋ የሰጠኝ በዚህ ምክንያት ነው። ስዊድን ውስጥ በሦስት ዓመት ገደማ ተሠርቶ የተጠናቀቀ ሲሆን ክብደቱ 125 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ እንደ ሜቶፕ ያሉት ነባር ሳተላይቶች ወደ 4 ቶን ይመዝናሉ። በ19 የማይክሮዌቭ መስመሮች (የተለያዩ የሞገድ ድግግሞሾች) ይለካል፣ ከእነዚህም በ325 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉት ለበረዷማ ደመና ጠቃሚ ናቸው። ለሙከራ የመጠቀ አንድ ሳተላይት ቢሆንም፣ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል በ2025 መረጃውን በመደበኛ ትንበያው ውስጥ ማስገባት ጀምሯል። ኤዩሜትሳት የተባለው የአውሮፓ የሜትዎሮሎጂ ሳተላይት ድርጅትም ስተርና በሚል ስም 6 ተመሳሳይ ሳተላይቶችን በአንድነት ለማሰማራት ወስኗል፤ ማምጠቁ በ2029 እንዲጀመር ታቅዷል። ጥቂት ግዙፍ ሳተላይቶችን ብቻ ከመጠበቅ፣ ትናንሾችን አብዝቶ በየጊዜው ማሳለፍ ለዚህ አካባቢ ትክክለኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በይር ላይ የሚታዩት ድክመቶች ከዚሁ ክፍተት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ነው። ከግግሩ የሚነሣ ቀዝቃዛ አየር ሞቅ ወዳለው ባሕር ሲወርድ የሚፈጠረው የዋልታ ማዕበል ስፋቱ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው፤ የተወለደበትን ሰዓት ያየ ሳተላይት ከሌለ ትንበያው ዘግይቶ ይነቃል። ነፋስ በሌለበት የክረምት ሌሊትም ቀዝቃዛው አየር ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ፣ የሚታየው ሙቀትና ደጃፍ ላይ ያለው በብዙ ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ።

መተግበሪያው አዲስ አበባንና ባሕር ዳርንም ያሳያል፤ ከኖርዲክ አገሮች ውጭ ግን የሚጠቀመው ሰፋፊ ክፍልፋይ ያለውን የአውሮፓውን ማዕከል ዓለም አቀፍ ሞዴል ስለሆነ፣ እንደ ዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን በሚወጡበት ገደላማ ቦታ ቁጥሩን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር፣ ለዝናብ ያደረጉትን በየሰዓቱ ሰንጠረዥ ላይ ለነፋስም እንዲያደርጉ ነው። በትንሽ ጀልባ ለሚወጣ ሰው «17» ከሚል ነጠላ ቁጥር ይልቅ «ከ13 እስከ 22» የሚለው ይጠቅመዋል፤ የሳተላይት ማለፊያ በተራራቀበት ሰዓት ይህ ልዩነት ሲሰፋ ቢያይ፣ መውጣቱን ለማዘግየት በቂ ምክንያት ይኖረዋል።