«በታሪካችሁ ልክ ተልዕኮ እንሠራለን» የሚሉትን ተጠንቀቁ፤ የሚሸጡላችሁ ሰዓት ቆጣሪ ነው

ወገን፣ ለፍሪስፔስ 2 (የጠፈር ውጊያ የኮምፒውተር ጌም ነው) ተልዕኮ በትዕዛዝ እንሠራለን የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ያማረ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ «የአሠራር ሂደታችን» የሚል ባለ ሦስት ደረጃ ሥዕል፣ ከዚያ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ። ሥዕሉ ላይ ያለው አሠራር በራሱ ትክክል ነው፤ የታሪኩ ፍሰት ወረቀት ላይ ይወጣል፣ የኢቨንቶቹ፣ ማለትም ምን ሲሆን ምን ይከተላል የሚሉት ሕጎች፣ አጽም ይገነባል፣ መንኮራኩሮቹ የሚሰለፉት መጨረሻ ላይ ነው። ሰዎቹ ግን በዚያ አይሠሩም።

አንድ ገዢ ያዘዛቸው ቀላል ነገር ነበር። ሦስት የጭነት መንኮራኩሮች ታጅበው ወደ ሃይፐርስፔስ ይገባሉ፣ አንድ የጠላት ዊንግ (አብሮ የሚበር የመንኮራኩር ቡድን) ያጠቃል፣ ከተሳካ አንድ መጨረሻ፣ ካልተሳካ ሌላ መጨረሻ።

አሁን ፋይሉ ሲከፈት የሆነውን ስሙ። መግቢያው ያምራል፣ የአብራሪዎቹ ወሬ ደስ ይላል። ተጫዋቹ ሆን ብሎ እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ሁለተኛው ደቂቃ ሳያልቅ ሦስቱም ጫኞች ነደዱ። ፍርስራሹ ገና እየተበተነ ነው፤ በስክሪኑ ግራ በኩል «ጫኞቹን አጅብ» የሚለው ዳይሬክቲቭ (የግብ ማሳያው መስመር) ንቅንቅ አላለም። ዝም። የጠላት ዊንግ ባዶ ሰማይ ላይ ይዞራል። ልክ 300ኛው ሰከንድ ሲደርስ የአዛዡ ፊት ብቅ ብሎ «ጫኞቹ በሰላም ተሻግረዋል፣ ኮርተንባችኋል» አለ! የትኞቹ ጫኞች? ዲብሪፊንጉም (የተልዕኮው መዝጊያ ገለጻ) ያንኑ ሙገሳ ደገመው።

ፋይሉ በፍሬድ ሲከፈት ሚስጥሩ ወጣ። ፍሬድ ማለት በ1999 ከጌሙ ጋር አብሮ የወጣው የተልዕኮ መሥሪያ ነው። የኢቨንት መስኮቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሃዝ-ታይም-ኢላፕስድ፣ ማለትም «ይህን ያህል ሰከንድ አልፏል ወይ?» የሚል ትዕዛዝ ነው፤ 10 ሰከንድ፣ 60፣ 120፣ 300። የጫኞቹን ዕጣ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለም። ዋናው ግብ ራሱ የታሰረው ከ300 ሰከንድ ጋር ነው። ምንም ብታደርጉ ታሸንፋላችሁ።

ይህ የሚሆነው ዝግጁ አብነት ወስደው፣ መንኮራኩር ደርድረው፣ መልዕክቶቹን በሰዓት ስለሚበትኑ ነው። መንኮራኩር አስቀድሞ መደርደር በራሱ ነውር የለውም፤ ፍልሚያው እንዴት እንደሚሰማ በየአምስት ደቂቃው እየተጫወቱ መሞከር የሚወዱ ጎበዞች በዚያ መንገድ ይሠራሉ። ሰዓትም ለመክፈቻ ወሬ ጥሩ ነው። ግን አጽሙን ከሠራችሁ እያንዳንዱ ጫኝ ሁለት ዕጣ እንዳለው ታያላችሁ፤ ወድሟል ወይም ሄዷል። ለመጀመሪያው ኢዝ-ዲስትሮይድ-ዲሌይ፣ ለሁለተኛው ሃዝ-ዲፓርትድ-ዲሌይ ይገባል። የመጀመሪያው ቁጥር የሰከንድ መዘግየት ነው፣ ከዚያ ስሞቹ ይከተላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት ስም ከደረደራችሁ እውነት የሚሆነው ሦስቱም ሲወድሙ ብቻ ነው። «አንዱም ከጠፋ» ለማለት እያንዳንዱን ለየብቻ ጽፎ በ«ኦር» ማያያዝ ያስፈልጋል። የጠላት ዊንግ ሙሉ በሙሉ እንዲወድም የሚጠብቅ ኢቨንት ደግሞ ከጠላቶቹ አንዱ ዘልሎ ካመለጠ መቼም አይነሳም።

የጠላቱ ዊንግም አልታሰበበትም። አራት መንኮራኩር በአምስት ዙር፣ ገደቡ 2። ሁለቱ ሲቀሩ አራት ይጨመራሉ፣ ስድስት ይሆናሉ፤ አንድ ዊንግ የሚይዘው ከፍተኛው ቁጥር ማለት ነው። በአብነቱ ላይ የነበረውን ቁጥር አልነኩትም። ለሦስት ደካማ ጫኞች ይህ አጀባ አይደለም፣ ቀብር ነው።

ቅሬታው ሲቀርብ የመጣው መልስ ከሥራው ይብሳል። «የፍሬድ የስህተት መፈተሻ ዜሮ ስህተት ነው የሚለው። ተልዕኮውን እንደታሰበው አልተጫወታችሁትም። መጫወት ለማይችል ሰው ዋስትና የለንም።» መፈተሻው እኮ የሚያየው የተጠራው ስም መኖሩን፣ እያንዳንዱ የኢቨንት ትዕዛዝ የሚፈልገው ዓይነት ነገር መግባቱን ነው። ታሪኩ ትርጉም ይስጥ አይስጥ አያውቅም። ተልዕኮ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እነሱም ያውቃሉ። ገዢው አያውቅም ብለው ነው ያን መልስ የላኩት። «እንደታሰበው» ማለትስ ምን ማለት ነው? መሸነፍ የተልዕኮው ግማሽ ነው፤ በትዕዛዙ ላይም በግልጽ ተጽፏል።

ሙሉውን በቅድሚያ አትክፈሉ። የኤፍኤስ2 ፋይሉን (የተልዕኮውን ፋይል) ጠይቁ፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። የኢቨንት ክፍሉ ውስጥ ሃዝ-ታይም-ኢላፕስድ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ኢዝ-ዲስትሮይድ-ዲሌይና ሃዝ-ዲፓርትድ-ዲሌይ መኖር አለመኖራቸውን ፈልጉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ተሸነፉ። «ፋይሉ በቪፒ ታሽጎ ነው የሚመጣው» ካሏችሁ፣ ቪፒ የጌሙ ፋይሎች ጥቅል ነው፣ የሚፈቱት መሣሪያዎችም በነጻ ይገኛሉ፤ እሱንም ሳታዩ ገንዘብ ላኩ ካሏችሁ ግን መልስ አትስጧቸው።