ለአጥር ፖም የቱን ችግኝ ልግዛ?

ግቢያችን ጠባብ ነው። መኪናዋ ከቆመች በኋላ የሚተርፈው ከአጥሩ ሥር ያለ አንድ ሜትር የማይሞላ አፈር ነው። ፖም ስተክል ቅርንጫፎቹ ግራና ቀኝ ሽቦ ላይ የሚታሰሩበትን አተካከል የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ፈረንጆቹ ኤስፓሊየር ይሉታል። አራት ዓመት ሙሉ አሰርኩ፣ ገረዝኩ፣ አጠጣሁ። አበባ? ወፍ የለም። ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን አጥሩን አሻግረው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጎመን ነው እንዴ?» አሉኝ።

አስተሳሰሬ ላይ ችግር አልነበረም። ችግሩ ችግኙን የገዛሁ ቀን ነው የጀመረው። ሻጩ «ቀይ ፖም ነው» ከማለት በቀር ስም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምወስደው ዝርያው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚሠራው እሱ ልክ ከሆነ ብቻ ነው።

አና፣ ዶርሴት ጎልደን እና ሌሎቹ

ፖም ተኝቶ ካልተነሳ አያብብም። የሚያስተኛውም የሚያነቃውም ብርድ ነው። የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነባቸው ሰዓታት ይደመራሉ፣ እያንዳንዱ ዝርያም የሚበቃው ልክ አለው። ጎልደን ዴሊሼስ ከ600 እስከ 700 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አና ከ200 እስከ 300 ይበቃታል። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ በ100 አካባቢ ይረካል።

አሁን አዲስ አበባን አስቡ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን ንጋት ላይ ያ ሁሉ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይበተናል፤ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊት ከተጠራቀመው ላይም ይቀነሳል። ጎልደን ዴሊሼስ እዚህ ግማሽ እንቅልፍ ተኝቶ እንደተቀሰቀሰ ሰው ነው የሚሆነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ቅጠል ያወጣል፣ መሃሉ ራቁቱን ይቀራል። ተራ ዛፍ ላይ ይሄ ብዙም አይታይ ይሆናል። ሽቦ ላይ በተዘረጋ ክንድ ላይ ግን ፍሬ የሚጠበቀው ከመሃሉ ስለሆነ ሁሉም ነገር አበቃለት ማለት ነው።

አና የተዳቀለችው እስራኤል አገር፣ ዔን ሼመር በሚባል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ነው። ቀይ ቅላት ያላት፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የምትል ናት። ዶርሴት ጎልደን የተገኘው በባሃማስ ደሴቶች ነው። ቢጫ ነው፣ ጣዕሙም ወደ ጎልደን ዴሊሼስ ያደላል። ለእኔ በጣዕም አና ትበልጣለች። ሁለቱም ግን ቤት ውስጥ ብዙ አይቆዩም፤ ቶሎ ዱቄት ዱቄት ይላሉ። ፖም ለወራት አስቀምጣለሁ የሚል ሰው እነዚህን አይግዛ።

«የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁለቱንም ነው። ፖም በራሱ የአበባ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፣ የሌላ ዝርያ ብናኝ ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ንቦቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። ሁለት አና ገዝቶ መትከል ግን አንድ አና እንደመትከል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ክሪስፒን የሚባለው ዝርያ በአገራችን ይገኛል፣ ፍሬውም ትልቅ ነው፤ ብናኙ ግን ለሌላ ዛፍ አይጠቅምም። ብቻውን አጃቢ አድርጋችሁ እንዳትገዙት።

ግራኒ ስሚዝን የሚወዱ አሉ። ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ሲቀመጥም ይቆያል። ለአጥር ግን አልመክረውም። ከአና የበለጠ ብርድ ይፈልጋል፣ ከፍሬውም የተወሰነውን የሚይዘው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። የአጥር ፖም ደግሞ በየጊዜው ጫፉ ይቆረጣል። ፍሬውን በመቀስ ለቅሞ እንደመጣል ነው።

ይሄ ሁሉ ለአዲስ አበባና ለመሰል ቦታ ነው። ጨንቻ ወይም ደብረ ብርሃን ያላችሁ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። የጨንቻ ገበሬዎች ከአናና ከዶርሴት ጎልደን ሌላ ብዙ ዝርያ ያበቅላሉ። ውርጭ በሚመታበት ቦታ ግን የአና ፈጥኖ ማበብ ራሱ ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ አበባው ብርዱ ሳይወጣ ከተገኘ ይረግፋል። ሲያትል ወይም ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ብርዱ ሞልቷል። የእናንተ ጠላት ቅጠልና ፍሬ ላይ የሚወጣው የፈንገስ እከክ ነውና ሊበርቲን የመሰለ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ፈልጉ።

ከታች ያለው ሥር

የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ የተጣበቀበት፣ ሁለት ዛፍ ነው። ከላይ አና፣ ከታች ሌላ። የዛፉን ቁመት የሚወስነው የታችኛው ነው፣ ሻጮች ሩትስቶክ ይሉታል።

ኤም 9 የሚባለው ሥር ድንክ ያደርጋል፣ ቶሎም ያፈራል። ሥሩ ግን ደካማ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ድጋፍና ውኃ ይፈልጋል። ሽቦው ድጋፉን ስለሚሰጠው ውኃ በማይቋረጥበት ግቢ ይሆናል። በእኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ስለማውቅ እኔ አልደፈርኩም። ኤምኤም 111 በተቃራኒው ድርቅ ይችላል፣ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ጠባብ አጥር ላይ ከመቀስ ጋር ስትታገሉ ትኖራላችሁ። ኤምኤም 106 መሃል ላይ ነው፣ ለአብዛኛው ግቢ እሱን እመርጣለሁ። ጉድለቱ ውኃ የሚተኛበትን መሬት አለመውደዱ ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ካልሆነ አንገቱ ላይ ይበሰብሳል። ሁለቱ ኤምኤሞች ሥርና ግንድ ላይ እንደ ጥጥ የሚነጣውን ተባይ ይቋቋማሉ፤ ኤም 9 አይቋቋምም።

ሻጩ የሥሩን ስም ካላወቀ ሌላ ቦታ ሂዱ። ስትተክሉም የተዳቀለበት ጉብታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከተቀበረ ላይኛው የራሱን ሥር ይሰድና የከፈላችሁበት ድንክነት ይጠፋል።

ዘንግ ወይስ የተዘረጋ?

አንዳንዱ ቅርንጫፉ አስቀድሞ የተዘረጋ ችግኝ በውድ ይሸጣል። ያምራል። እኔ ግን የአንድ ዓመት ቀጥ ያለ ዘንግ እገዛለሁ፤ ይረክሳል፣ ሥሩም ፕላስቲኩ ውስጥ ገና አልተጠማዘዘም። የመጀመሪያው ሽቦ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወጠራል፣ ዘንጉን እዚያው ጋ ትቆርጡታላችሁ። ከሚያቆጠቁጡት ሁለቱ ክንድ ይሆናሉ፣ አንዱ ወደ ላይ ይቀጥላል።

ቅርንጫፍ ሲጋደም ለምን ያብባል? ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ጫፉ አለቃ ነው፤ ታች ያሉትን ቡቃያዎች እንዳይነሱ ይጫናቸዋል። ስታጋድሙት አለቅነቱ ይላላና በየመንገዱ አጫጭር ፍሬ ያዥ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ዓመት በ45 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጋችሁ እሰሩት፣ ሲረዝም አውርዱት። ገና ለጋ ሆኖ ጭራሽ ከተጋደመ ማደጉን ያቆማል። ከክንዱ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚነሳውን ደግሞ ሦስት ቅጠል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ፍግ አታብዙ፤ የጠገበ ፖም ቅጠል እንጂ አበባ አያስብም።

ግንብ ወይስ ሽቦ ብቻ?

የእንግሊዝ የአትክልት መጻሕፍት «ወደ ደቡብ የሚያይ ግንብ» ይላሉ። እዚያ ፀሐይ ብርቅ ናት። እኛ ዘንድ ፀሐይዋ ከአናታችን በላይ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ፣ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ትላለች። ቀን የጋለ ግንብ ደግሞ ሌሊት ሙቀቱን ይተፋል። ማለትም በመከራ የምናገኘውን ብርድ ከዛፉ ላይ ይቀማል። ስለዚህ ሁለት ብረት ተክሎ ከግንቡ ራቅ አድርጎ ሽቦ መወጠር ይሻላል። ግንብ የግድ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ምረጡ። ቆርቆሮ አጥር ላይ ጭራሽ አትሞክሩት።

ብርዱ ለማይበቃው ቦታ ሌላ ዘዴም አለ። በኢንዶኔዥያ ባቱ በምትባል ደጋ ከተማ ገበሬዎች ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉታል። ዛፉ በደንብ ሳይተኛ እንደገና ያብባል፣ በዓመት ሁለቴም ያስለቅማል። አጥር ላይ ያለ ዛፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። እዚህ ለሚሞክር ሰው አና ላይ እንጂ ከባድ ብርድ የሚፈልግ ዝርያ ላይ እንዲጀምር አልመክርም።

አራት ዓመት የደከምኩበትን ዛፍ አልነቀልኩትም። ሥሩ ጤነኛ ነበር፣ ክንዶቹም ተዘርግተዋል። አዲስ ችግኝ ከመግዛት ይልቅ ከአና የተቆረጡ እርሳስ የሚያህሉ ቅርንጫፎች አምጥቼ፣ ማዳቀል የሚችል ባለሙያ በየክንዱ ላይ አዳቀለልኝ። ስም የሌለው ፖም ግቢያችሁ ካለ ከመጥረቢያው በፊት ይህን ጠይቁ። ከጎኑ ኤምኤም 106 ላይ የተዳቀለ ዶርሴት ጎልደን ገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት ሁለቱም አበቡ። ፍሬው ሽምብራ ሲያህል ከየዘለላው አንድ አንድ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ለቀምኩት። እማማ አሁንም አጥሩ ላይ ናቸው፤ «ለምን ታባክናለህ?» እያሉ።